ለእግርና ለቁርጭምጭሚት አልትራሳውንድ፦ የሚያዋጣበትና የሚያሳስትበት

ለእግር ክሊኒክ አልትራሳውንድ ሲመረጥ ከማሽኑ ስም በፊት መታየት ያለበት ፕሮቡ፣ ማለትም ቆዳ ላይ የሚያርፈው የማሽኑ ክፍል ነው። ለሆድና ለእርግዝና የሚያገለግለው፣ ፊቱ ጎበጥ ያለው ኮንቬክስ ፕሮብ እዚህ አይረባም። የቁርጭምጭሚት ጅማቶች ከቆዳ ሥር ብዙም ስለማይርቁ ፊቱ ቀጥ ያለ፣ ከ10 እስከ 18 ሜጋኸርትዝ የሚሠራ ሊኒየር ፕሮብ ያስፈልጋል። በጣቶች መሀልና በቁርጭምጭሚት ጉብታዎች ዙሪያ ደግሞ እንደ ሆኪ ዱላ የታጠፈችው ትንሿ ፕሮብ ሥራ ታቀላለች።

መሣሪያው ዋጋውን ከሁሉ በላይ የሚያስመሰክረው ተረከዝ ላይ ነው። ታካሚው በሆዱ ይተኛል፤ እግሩ ከአልጋው ጫፍ ወጣ ይላል፤ ፕላንታር ፋሺያው፣ ማለትም ከተረከዝ ወደ ጣቶች በውስጥ እግር የተዘረጋው ጠንካራ ማሰሪያ፣ እንዲወጠር ጣቶቹ ወደ ቅልጥም ይታጠፋሉ። ፕሮቡ በውስጥ እግር ላይ በቁመት ይቀመጥና የተረከዝ አጥንቱ ደማቅ መስመር ይፈለጋል። ልኬቱ የሚወሰደው ፕላንታር ፋሺያው ከአጥንቱ ጋር ከሚያያዝበት ቦታ ነው። ውፍረቱ ከ4 ሚሊሜትር ካለፈ፣ ከጠቆረና የክሮቹ መስመር ከደበዘዘ ከሕመሙ ጋር ተዳምሮ ፕላንታር ፋሺያይተስ (የፋሺያው ሕመም) መሆኑን ይደግፋል። ፕሮቡ ከፋሺያው አቅጣጫ ጠመም ካለ ግን ጤነኛውም ወፍራም ሆኖ ይለካል። ስለዚህ ሌላውን እግር ሳይለኩ ውጤት መጻፍ ተገቢ አይደለም። የተረከዝ ቆዳ ወፍራም ከሆነና ምስሉ ከደበዘዘ ድግግሞሹን ዝቅ ማድረግና ጄል መጨመር ይረዳል፤ ፕሮቡን አጥብቆ መጫን ግን ልኬቱን ያዛባል።

ከተረከዝ ኋላ ባለው የአኪሊስ ጅማት ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ዶፕለሩ፣ ማለትም የደም ፍሰትን የሚያሳየው ክፍል ነው። እግሩ ወደ ላይ ተወጥሮ ሲታይ በታመመው ጅማት ውስጥ የበቀሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጨፈለቁና ምንም ፍሰት የሌለ ይመስላል። ቁርጭምጭሚቱ ዘና ብሎ፣ ፕሮቡ ሳይጫን፣ የዶፕለሩ የፍጥነት መለኪያ ዝቅ ተደርጎ ሲታይ ፍሰቱ ብቅ ይላል። የጅማቱ ውፍረት የሚለካው በአግድም ምስል ነው።

ትልቁ ወጥመድ አናይሶትሮፒ ይባላል። የድምፅ ጨረሩ ጅማቱን በቀጥ ማዕዘን ካልመታው ጤነኛው ጅማት ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ጀማሪም «ተቀዷል» ብሎ ይጽፋል። በተለይ በውስጥ በኩል ያለው የቲቢያሊስ ፖስቴሪየርና በውጭ በኩል ያሉት የፔሮኒያል ጅማቶች በቁርጭምጭሚቱ ጉብታዎች ሥር በሚታጠፉበት ቦታ ይህ ያጋጥማል። መፍትሔው ፕሮቡን ጥቂት ዲግሪ ማዘንበል ነው። ጥቁረቱ ከጠፋ የማዕዘን ጉዳይ ነበር፤ በቁመትም በአግድምም ሳይጠፋ ከቆየ በእርግጥም ጉዳት ሊሆን ይችላል።

ኤምአርአይ በቀላሉ የማይሰጠው ነገር እንቅስቃሴ ነው። ታካሚው እግሩን ወደ ላይና ወደ ውጭ ሲያዞር የፔሮኒያል ጅማት ከቦታው ዘሎ ሲወጣ በዓይን ይታያል። ሞርተን ኒውሮማ (በጣቶች መሀል ያለ ነርቭ እብጠት) ሲጠረጠር፣ በተለይ በሦስተኛውና በአራተኛው ጣት መሀል፣ ፕሮቡ ከሥር በውስጥ እግር ተይዞ ከላይ ከእግሩ ጀርባ በጣት ይጫናል፤ እብጠቱም ወደ ፕሮቡ ይገፋል። ራጅ የማያሳየውን እንጨትና እሾህም አልትራሳውንድ ደማቅ መስመር ከሥሩም ጥላ አድርጎ ያሳያል። መርፌ ሲወጋም ጫፉ የት እንደደረሰ ማየት ይቻላል።

አጥንት ውስጥ ግን አይገባም። የታለስ (የቁርጭምጭሚት አጥንት) ካርቲሌጅ፣ ማለትም የልስልስ አጥንት ጉዳት፣ የአጥንት መቅኒ እብጠትና ገና የጀመረ የድካም ስብራት (ከተደጋጋሚ ጫና የሚመጣ ስንጥቅ) ከተጠረጠሩ ንጹሕ የአልትራሳውንድ ምስል ምንም ማረጋገጫ አይሆንም፤ ወደ ኤምአርአይ መላክ ይገባል።

ከስልክ ጋር የሚገናኙት የእጅ ፕሮቦች ፋሺያና አኪሊስን ለማየት በቂ ናቸው። ብዙዎቹ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ሲሠሩ ይሞቃሉ፤ ጥቃቅን ሊጋመንቶችን (አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዙ ማሰሪያዎችን) ለመለየትና ዘገምተኛ የደም ፍሰትን ለማየትም ከትልቁ ማሽን ያንሳሉ። ያገለገለ ፕሮብ ከመግዛት በፊት ጄል ሳይቀቡ ማብራትና በአየር ላይ የሚታየውን ምስል ማስተዋል ይጠቅማል፤ ከላይ እስከ ታች የወረደ ጥቁር ሰንበር ካለ የሞቱ ኤለመንቶች (ድምፅ የሚልኩና የሚቀበሉ ክፍሎች) አሉት፣ መመለስ ነው።