«የፖርትሬት ንጉሥ» ተብሎ የተሸጠልኝ ሌንስ፦ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

የሰው ፎቶ ለማንሳት ሌንስ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት የኔን ጉድ ስሙ።

ያገለገለ 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገዛሁ፤ ይሄ ቁጥር ሲበዛ ሌንሱ ይበልጥ ያቀርባል። ኤፍ 1.8 ነው፤ ኤፍ የብርሃን መግቢያው ክፍተት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ክፍተቱ ይሰፋል። የኒኮን ሲሆን ከቁጥሩ ጎን ዲ የሚል ፊደል ያለበት የድሮው ዓይነት ነው። ሻጩ አፈ ቅቤ ነው። «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የፖርትሬት ንጉሥ ነው። ከሰውየው ጀርባ ያለውን ሁሉ ጭጋግ ያደርግልሃል» አለኝ። ካሜራህ ምንድን ነው ብሎ ግን አልጠየቀኝም። የኔ ካሜራ የኒኮን ዲ5300 ነው። እኔም ሳልነግረው ቀረሁ። መስታወቱን አየሁ፣ ጭረት የለውም። ዋጋው ካሰብኩት ወረድ ያለ ነው። ከፈልኩ።

በማግስቱ ሞዴልነት የጀመረች ልጅ ላነሳ ቀጠሮ ነበረኝ። ልጅቷ ቆመች፣ ፀጉሯን አስተካከለች፣ ፈገግ አለች። ሌንሱ ምስሉን እንዲያጠራልኝ ቁልፉን ግማሽ ድረስ ተጫንኩ። ጭጭ! ሌንሱ ንቅንቅ አይልም። አወለቅኩት፣ መልሼ ገጠምኩት። ባትሪ ቀየርኩ። ሜኑ ውስጥ ገብቼ ያልነካካሁት ነገር የለም። «ችግር አለ እንዴ?» ስትለኝ «የለም፣ አንድ ደቂቃ» አልኳት። ያቺ አንድ ደቂቃ ሃያ ደቂቃ ሆነች። በመጨረሻ ቀለበቱን በእጄ እያዞርኩ አነሳሁ። ከመቶ ምናምን ፎቶ ዓይኗ ጥርት ብሎ የወጣበት አሥር አይሞላም።

ሌንሱ ግን አልተበላሸም። የሚያበግነውም ይሄ ነው።

አውቶ ፎከስ (ካሜራው ራሱ ምስሉን ማጥራቱ) እንዲሠራ ሌንሱ ውስጥ ያለውን መስታወት የሚያንቀሳቅስ ሞተር ያስፈልጋል። ሞተሩ አንዳንዴ ሌንሱ ውስጥ ነው፣ አንዳንዴ ካሜራው ውስጥ። የድሮዎቹ የኒኮን ኤኤፍ እና ኤኤፍ-ዲ ሌንሶች የራሳቸው ሞተር የላቸውም። ካሜራው ነው ብሎን መፍቻ በምትመስል ትንሽዬ ጫፍ የሚያዞርላቸው። በዲ3000 እና በዲ5000 ተርታ ያሉት ካሜራዎች ደግሞ ያቺ ጫፍ የለቻቸውም። ዲ90፣ ዲ7200፣ ዲ750 አላቸው። ስለዚህ ያ ሌንስ ዲ7200 ላይ ቢገጠም ኖሮ ያለ አንዳች ችግር ይሠራ ነበር። የኔ ላይ ሲሆን የምትረዳኝ በመመልከቻው ውስጥ ፎከሱ ሲገባ የምትበራ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ናት። ለቆመ ዕቃ ትበቃለች። ለሚተነፍስና ለሚንቀሳቀስ ሰው ግን መከራ ነው።

ለሻጩ ደወልኩ። «ሌንሱ ይሠራል አይደል?» አለኝ። ይሠራል። «ታዲያ?» አለኝ። ምን ልበለው? አንድም ውሸት አልነገረኝም እኮ።

ኒኮን ያላችሁ፣ ሌንሱ ላይ ኤኤፍ-ኤስ የሚል ከተጻፈ ሞተሩ አብሮት አለ ማለት ነው። ኤኤፍ ብቻ ከሆነ ወይም ዲ ካለበት መጀመሪያ ካሜራችሁን እዩ። አዲሶቹን ዚ ካሜራዎች የያዛችሁም ቶሎ አትኩራሩ። የኒኮን ኤፍቲዚ አዳፕተር (ሌንስና ካሜራ ማገናኛ) የድሮ ሌንስ ይቀበላል ሲባል እውነት ነው። ነገር ግን አዳፕተሩም ያ ሞተር የለውም፤ ኤኤፍ-ዲ ሌንስ እዚያም በእጅ ነው የሚዞረው።

ካኖን ላይ ይሄኛው ጣጣ የለም። አውቶ ፎከስ ያላቸው ኢኤፍ ሌንሶች ከ1987 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሞተራቸውን ይዘው ነው የመጡት። የካኖን ወጥመድ አገጣጠሙ ላይ ነው። ለትንሽ ሴንሰር የተሠራው ኢኤፍ-ኤስ ሌንስ ፉል ፍሬም (ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው ክፍል፣ ትልቅ የሆነ) ዲኤስኤልአር (ውስጡ የሚነሳ መስታወት ያለው ካሜራ) ላይ አይገጥምም። ያ መስታወት ለሌላቸው አዲሶቹ ካሜራዎች የተሠራው አርኤፍ ሌንስ ደግሞ የትኛውም ዲኤስኤልአር ላይ አይገባም። ኢኤፍ ሌንስ ግን አርኤፍ ካሜራ ላይ በአዳፕተር አሪፍ አድርጎ ይሠራል። «የካኖን ነው» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም ለማለት ነው።

የኔ ሽወዳ በሞተር አላበቃም። 85 ሚሊ ሜትር ለፖርትሬት ምርጥ ነው የሚባለው ፉል ፍሬም ካሜራ ታስቦ ነው። የኔ ካሜራ ሴንሰሩ ትንሽ ነው፣ ክሮፕ የሚሉት። የሌንሱን ቁጥር ኒኮን ላይ በ1.5 ታባዛላችሁ፣ ካኖን ላይ በ1.6። የኔ 85 እንደ 127 ሆነ ማለት ነው። ቁጥር ብቻ ሲመስላችሁ ክፍል ውስጥ ግቡና ሞክሩት። አንድ ሰው ከእግር እስከ ራሱ ቆሞ እንዲገባልኝ ካሜራውን ቁም አድርጌ እንኳ ወደ 7 ሜትር መራቅ ነበረብኝ። ፉል ፍሬም ላይ ያው ሌንስ 4 ሜትር ተኩል ገደማ ይበቃዋል። ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ የልጅቷ እግር ተቆርጦ ሲቀር አስቡት። ልብስ የምታሳይ ሞዴል ያለ ጫማ ምን ትሠራልኛለች?

ክሮፕ ካሜራ ያለው ሰው ዛሬ ቢጠይቀኝ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ግዛ እለዋለሁ። ካኖን ላይ እንደ 80 ሆኖ ይሠራል። ሙሉ ሰው ለማስገባት ከ4 ሜትር ብዙ አያስኬድም። ዋጋውም ከ85ቱ ዝቅ ይላል። ታዲያ እዚህም ላይ ዓይን መግለጥ ነው፤ የካኖን ርካሹ ኢኤፍ 50 ኤፍ 1.8 በገበያ በብዛት የሚገኘው ሁለት ዓይነት ነው። የ1990ው (እ.ኤ.አ.) መግጠሚያው ፕላስቲክ ነው፣ ክፍተቱን የሚያሰፉና የሚያጠቡ ቢላዎቹ 5 ናቸው። የ2015ቱ (እ.ኤ.አ.) ኤስቲኤም የሚል ተጽፎበታል፣ መግጠሚያው ብረት ነው፣ ቢላዎቹ 7 ናቸው። የአዲሱን ፎቶ ለጥፎ አሮጌውን የሚያቀብል አይጠፋም። ሌንሱን ገልብጡና መግጠሚያውን እዩት።

«ፊት የሚያሳምር ሌንስ» የሚባለውን ወሬም አትመኑት። የፊትን ቅርጽ የሚወስነው ርቀታችሁ ነው። አፍንጫ ከጆሮ 10 ሴንቲ ሜትር ይቀድማል እንበል። 50 ሴንቲ ሜትር ድረስ ተጠግታችሁ ካነሳችሁ አፍንጫው ከጆሮው አንጻር 20 በመቶ ተልቆ ይወጣል። 2 ሜትር ስትርቁ ግን 5 በመቶ ብቻ ይሆናል። ረጅም ሌንስ ውለታው እንድትርቁ ማስገደዱ ነው። ስለዚህ በ35 ሚሊ ሜትር የጎረምሳ አፍንጫ ድንች ሆኖ ሲወጣ ሌንሱን አትርገሙት። ወደ ኋላ ሂዱ።

አሁን ደግሞ ስለ ኤፍ ቁጥር። ሻጮች ኤፍ 1.2 እና ኤፍ 0.95 የሚል ነገር ሲያወሩ አፋቸው ውስጥ ስኳር ያለ ይመስላል። ከካሜራው ጋር በሚመጣው ኪት ሌንስ ዙም ጫፍ ላይ ኤፍ 5.6 ነው ያላችሁ። ኤፍ 1.8 ከዚያ አሥር እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። ይሄ ትልቅ ለውጥ ነው፣ ገንዘብ ቢወጣበት አይቆጭም። ከዚያ በላይ ያለው ግን ለብዙዎቻችን ጉራ ነው። ፉል ፍሬም ላይ በ85 ሚሊ ሜትር፣ በኤፍ 1.8፣ ከ2 ሜትር ስታነሱ ጥርት ብሎ የሚወጣው ከፊት ወደ ኋላ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ወደ 1.2 ሜትር ከተጠጋችሁ 2 ሴንቲ ሜትር ይቀራችኋል። ልጅቷ ፊቷን ትንሽ ካዞረች አንድ ዓይኗ ጥርት ብሎ ሌላው ይደበዝዛል። በዚህ ላይ ኤፍ 1.2 ጨምራችሁ ምን ልታደርጉበት ነው? ዮሴፍ ፔትዝቫል በ1840 (እ.ኤ.አ.) የፖርትሬት ሌንስ ሲነድፍ ኤፍ 3.6 አካባቢ ነበር። ሰፊ ክፍተት የፈለገውም ተነሺው ሳይንቀሳቀስ የሚቀመጥበትን ጊዜ ለማሳጠር ነው። የዛሬ ሴንሰር ያንን ጭንቀት አቅልሎታል።

በዚህ ሁሉ መሃል በጣም የሚያናድደኝ ግን «ካሜራ ከሦስት ሌንስ ጋር» የሚለው ማስታወቂያ ነው። ሦስት ሌንስ የለም! አንዱ ኪት ሌንስ ነው። ሁለቱ ከፊቱ በክር የሚታሰሩ መስታወቶች ናቸው፤ አንዱ 0.45፣ ሌላው 2 እጥፍ የሚል ተጽፎባቸዋል። የሰው ፊት ስታነሱባቸው ዳር ዳሩ ይሟሟል፣ በጠርዙ ላይ ወይን ጠጅ መስመር ይወጣል። እኔ አንዱን የወረቀት ማስቀመጫ አድርጌዋለሁ፣ ከባድ ስለሆነ ለዚያ ይሆናል። ማስታወቂያው «ቴሌፎቶ ለፖርትሬት» ካለ ሌንሱ ብቻውን ካሜራው ላይ ይገጥማል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አይገጥምም ከተባለ ሌንስ አይደለም።

ያገለገለ ስትገዙ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ። ክፍተቱን ሙሉ ከፍታችሁ ከኋላ በኩል አብሩበት። የሸረሪት ድር የሚመስል ክር ካያችሁ ፈንገስ ነው። ተዉት። ጥቂት አቧራ ግን አያስደንግጣችሁ፣ ፎቶ ላይ አይታይም። የፊት መስታወት ላይ ያለች ጭረት ከኋላ መስታወት ጭረት ትሻላለች። ቢላዎቹ ላይ ዘይት ካለ ፈጥነው አይዘጉም፣ ፎቶው ከሚገባው በላይ ይነጣል። ከሁሉ በላይ ግን የራሳችሁን ካሜራ ይዛችሁ ሂዱ። ገጥማችሁ፣ ኤፍ 1.8 ላይ አድርጋችሁ፣ የሻጩን ዓይን ራሱን አንሱት። ስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ ሽፋሽፍቱን ቁጠሩ። ጆሮው ጠርቶ ዓይኑ ከደበዘዘ ፎከሱ ወደ ኋላ እየሄደ ነው።

ባለፈው 50 ሚሊ ሜትር ልገዛ ሄጄ ካሜራዬን ከቦርሳዬ ሳወጣ ሰውየው ፊቱ ጠቆረ። «ምን ታበዛለህ፣ አዲስ እኮ ነው» አለኝ። ልገጥመው ስል ሌንሱን ከእጄ ተቀበለኝና ክዳኑን መልሶ ዘጋው። እኔም ቦርሳዬን ዘግቼ ወጣሁ።