ዳንቴል ወይስ ክሮስ ስቲች? ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት

እጁን ሥራ የሚያስይዝበት ነገር የሚፈልግ ሰው በዝቷል። አንዱ ስልክ መጎርጎር ሰልችቶታል፣ ሌላው ጭንቀት ማብረጃ ይፈልጋል። ቴሌግራም ላይ በሚያምር ሣጥን የታሸገ ክሮስ ስቲች ይታያል። ጎረቤት ቤት ደግሞ ሶፋው ላይ ነጭ ዳንቴል ተዘርግቷል። ሁለቱም ያምራሉ። ታዲያ የቱ ይገዛ?

ብዙ ሰው የሚመርጠው ያለቀውን ሥራ አይቶ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ጊዜያችሁን እዩት ባይ ነኝ። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ ወይም የካ አባዶ ኖሮ መሀል ከተማ የሚሠራ ሰው ትርፍ ጊዜው ቁርጥራጭ ነው። ትንሽ የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ትንሽ መንገድ ላይ፣ ማታ ደግሞ መብራት ካለ ትንሽ። ቤት የሚውል ወይም ጡረታ የወጣ ሰው ጊዜው ሌላ ነው፤ መስኮት አጠገብ ቁጭ ብሎ ሁለት ሰዓት ማሳለፍ ይችላል። አንዱ ሥራ ለመጀመሪያው ሰው፣ ሌላው ለሁለተኛው ይሆናል። ተገላቢጦሽ ከገዛችሁ ዕቃው ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀራል።

ዳንቴል ስል በኪሮሽ፣ ጫፉ መንጠቆ በሆነ አጭር ዘንግ፣ የሚሠራውን ሁሉ ማለቴ ነው። የሶፋ ልብሱም፣ የሕፃን ኮፍያውም፣ አሻንጉሊቱም። አንድ ኪሮሽና አንድ ጥቅል ክር ይዛችሁ ከምንም ተነስታችሁ ጨርቅ ታወጣላችሁ። ክሮስ ስቲች የጥልፍ ዘመድ ነው። አይዳ የሚባለው ቀዳዳው በእኩል ርቀት የተሠራ ጨርቅ አለ። በቀዳዳዎቹ እየገባችሁ ትንንሽ ኤክስ ትጠልፋላችሁ፤ ኤክሶቹ ተሰብስበው ሥዕል ይሆናሉ። ጌጥ ያለው መሶብ የሰፋች ሴት ግማሹን ሥራ ታውቀዋለች። ያው ቆጥሮ ቀለም መቀየር ነው።

ታክሲ ውስጥና መብራት ሲጠፋ

ዳንቴል እዚህ ላይ ያለ ክርክር ያሸንፋል። በኪሮሽ ስትሠሩ አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ሆኖ የሚቆየው አንድ ቀለበት ብቻ ነው። ታክሲው ድንገት ፍሬን ቢይዝና ኪሮሹ ቢወልቅ ያቺን ቀለበት መልሳችሁ ትይዛላችሁ፣ አለቀ። ተሳስታችሁ ከሆነም ክሩን ስባችሁ ትተረትሩና ከዚያው ትቀጥላላችሁ። ክሩ አይባክንም። በሁለት ዘንግ የሚሠራ ሹራብ እንኳን እንዲህ አይመችም፤ ከዘንጉ የወለቀ ረድፍ መልሶ መልቀም ያሰለቻል።

ደግሞም እጅ ሲለምድ ዓይን ብዙ አያስፈልግም። ወፈር ያለና ፈዘዝ ያለ ቀለም ክር ከሆነ በሻማ ብርሃንም ይሠራል። ጥቁር ክር ግን በቀንም ያስቸግራል፤ ለመጀመሪያ ሥራ እንዳትገዙት።

ክሮስ ስቲችን ታክሲ ውስጥ ሞክሩትና እዩት። በአንድ እጅ ጨርቅ፣ በሌላው መርፌ፣ ጭን ላይ ቻርት (የትኛው ኤክስ በምን ቀለም እንደሚጠለፍ የሚያሳይ ወረቀት)፣ ቦርሳ ውስጥ ሃያ ዓይነት ክር። አስራ ሰባት፣ አስራ ስምንት እያላችሁ ስትቆጥሩ ረዳቱ «ሂሳብ» ይላል። ቁጥሩ ጠፋ። በአንድ ቀዳዳ ከተሳሳታችሁ ደግሞ ከዚያ በኋላ የጠለፋችሁት ሁሉ በአንድ ቀዳዳ ይዛነፋል። የምታውቁት ብዙ ቆይታችሁ ነው። መፍታቱም እንደ ዳንቴሉ አይደለም። በመርፌ እያነሱ፣ በመቀስ እየቆረጡ ነው። የተፈታው ክር ስለሚሻክር መልሶ አይጠቅምም።

ሙሉ ጊዜ ያለው ሰው ግን ክሮስ ስቲችን ይወደዋል። የክረምት ቅዳሜ፣ ውጭ ጭቃ፣ ቤት ውስጥ ቡና። የሚቀጥለውን ኤክስ ቻርቱ ስለሚነግራችሁ ማሰብ የለም። ዳንቴል ላይ እጅ ጠበቅ ላላ ሲል ሥራው ይጣመማል። አይዳ ላይ ግን ቀዳዳው ራሱ መጠኑን ይይዝላችኋል። ስለዚህ ጀማሪ የጠለፈው ከዓመታት ልምድ ካለው ሰው ሥራ ብዙም አይለይም። አንድ ነገር ብቻ ያዙ፦ የእያንዳንዱ ኤክስ የላይኛው ሰረዝ ሁሌም ወደ አንድ አቅጣጫ ይጋደም። አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ ከሆነ ሥዕሉ ከሩቅ ያስታውቃል።

ዳንቴል ስትገዙ

ከኪሮሹ እንጀምር። አንገቱ ወይም እጀታው ላይ በሚሊሜትር ቁጥር ይጻፋል። ለመካከለኛ ውፍረት ክር 4 ወይም 5 ሚሊሜትር ግዙ። የእናቶቻችን ነጭ የሶፋ ዳንቴል የሚሠራው ግን ከ2 ሚሊሜትር በታች በሆነ ቀጭን የብረት ኪሮሽ ነው። በእሱ መጀመር አልመክርም። ቀጭን ክር ላይ ስህተት አይታይም፣ ሥራው አያልቅም፣ ዓይን ይደክማል። የመንጠቆውን ጫፍ በጣት ዳብሱት። ሸካራ ከሆነ ክሩን እየሰነጠቀ ያናድዳችኋል፤ መልሱት።

ዋናው ነገር ክሩ ነው። ሻጩ «እህቴ፣ ንጹህ ጥጥ ነው» ሊላችሁ ይችላል። ምናልባት ነው፣ ምናልባት አይደለም። መለያው እሳት ነው። ጣት የምታክል ክር አስቆርጡና ከሱቁ ወጥታችሁ ላይተር አስነኩት። ክር በተከመረበት ሱቅ ውስጥ እሳት አይለኮስም መቼም። ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ ለስላሳ አመድ ይሆናል። አክሪሊክ ከሆነ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ጠጣር ጥቁር ጠብታ ይተዋል። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል።

ይህ የሚጠቅመው ለዕውቀት ብቻ አይደለም። አክሪሊክ ርካሽ ነው፣ ቀለሙ ይደምቃል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ለስካርፍና ለብርድ ልብስ ጥሩ ነው። ግን የድስት መያዣ አትሥሩበት። ከሰል አጠገብ የሚቀመጥ የረከቦት ልብስም አትሥሩበት። ይቀልጣል፤ እጅ ላይ የቀለጠ ፕላስቲክ ደግሞ ይለጠፋል። ለእነዚህ ጥጥ ግዙ፣ ውድ ቢሆንም። አክሪሊክን በጋለ ካውያ መተኮስም አይሞከርም።

ሁለተኛው ጉዳይ የቀለም ዙር ነው። የጥቅሉ ወረቀት ላይ ከቀለሙ ቁጥር ሌላ ሎት የሚባል ቁጥር አለ። ፋብሪካው በአንድ ጊዜ የነከረውን ክር ያመለክታል። አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሆኖ ሎቱ የተለያየ ከሆነ ሱቅ ውስጥ ልዩነቱ አይታያችሁም፤ በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን መስመር ሠርቶ ይታያል። ስለዚህ ለአንድ ሥራ የሚበቃውን ባንድ ጊዜ ግዙ። ለስካርፍ 200 ግራም ገደማ ይበቃል፤ አንድ ጥቅል ጨምሩበት። ከገላን ወይም ከለገጣፎ አንድ ጥቅል ክር ፍለጋ መርካቶ መመለስ ቀኑን ይበላዋል። ያውም ያው ሎት ካልጠፋ ነው።

ክሮስ ስቲች ስትገዙ

እዚህ ላይ ደስ የሚለው የክር ቁጥሩ ነው። ብዙ ቻርቶች የሚጻፉት በዲኤምሲ ቁጥር ነው። ዲኤምሲ እ.ኤ.አ. በ1746 በዛሬዋ የፈረንሳይ ከተማ ሙሉዝ የተመሠረተ የክር ፋብሪካ ነው። ወደ 500 የሚጠጉ ቀለሞች አሉት፤ እያንዳንዱ ቁጥር አለው። 310 ካላችሁ ጥቁር ነው፣ የትም አገር ብትገዙት። አንድ ጥቅል 8 ሜትር ነው፤ ስድስት ቀጫጭን ክሮች አብረው የተያዙበት። ሁሉንም ባንዴ አትጠልፉም። ለያይታችሁ እንደ ጨርቁ ሁለት ወይም ሦስት ትወስዳላችሁ። ቀለም ሲያልቅ ቁጥሩን በስልክ ልካችሁ ማስመጣት ትችላላችሁ። ዳንቴል ይህ ምቾት የለውም።

የጨርቁ ቁጥር ግን ያሳስታል። 11፣ 14 እና 18 የሚባሉ አይዳዎች አሉ። ቁጥሩ በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ2.54 ሳንቲሜትር ውስጥ ስንት ኤክስ እንደሚገባ ይናገራል። ቁጥሩ ሲጨምር ኤክሱ ያንሳል። 140 በ140 ኤክስ የሆነ ሥዕል በ14 አይዳ 25 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል፣ በ11 ደግሞ 32፣ በ18 ሃያ ብቻ። ዕድሜው ከአርባ ያለፈ ወይም መነጽር የሚያደርግ ሰው 18ን አይንካው። 11 ግዙ፣ በሦስት ክር ጥለፉ፣ ዓይናችሁ ያመሰግናችኋል። ጨርቁ ጥቁር ከሆነ ጭናችሁ ላይ ነጭ ነገር አንጥፉ፤ ቀዳዳው ይታያል።

አሁን ያንን 140 በ140 አስሉት። 19,600 ኤክስ ነው። በሰዓት መቶ ብትጠልፉ 196 ሰዓት ይፈጃል። በቀን አንድ ሰዓት ካገኛችሁ ከስድስት ወር በላይ መሆኑ ነው። ለዚህ ነው ሣጥኑ ላይ ያለውን ሥዕል ሳይሆን የኤክሱን ብዛት አንብቡ የምለው። በሥዕሉ ዙሪያ ያለው ቦታ ጭምር የሚሞላ መሆን አለመሆኑንም ጠይቁ። ጨርቁ ባዶ የሚቀርበትና አበባው ብቻ የሚጠለፈው ሥራ በግማሽ ጊዜ ሊያልቅ ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ 60 በ60 አካባቢ ይበቃችኋል።

ዕቃው በሁለት ዓይነት ይመጣል። በአንዱ ጨርቅ ላይ ሥዕሉ በቀለም ታትሟል፤ ሳትቆጥሩ ቀለሙን ተከትላችሁ ትጠልፋላችሁ። ሌላው ባዶ ጨርቅ ነው፤ ከወረቀት እየቆጠራችሁ ነው የምትሠሩት። ለጀማሪ የታተመው ይሻላል። ሥራው ሲያልቅ ሕትመቱ በስንት ሙቀት ውሃ እንደሚለቅ መመሪያው ላይ ተጽፎ እንደሆነ ሳትገዙ እዩ። ዙሪያውን ቢያንስ አምስት ሳንቲሜትር ትርፍ ጨርቅ ከሌለው ደግሞ ፍሬም ሲገባ ይቸግራል።

አንድ ማጭበርበሪያ የሚመስል ነገር አለ። የሚለጠፉ ትንንሽ ፕላስቲክ ፈርጦች ያሉበት ዕቃ በተመሳሳይ ሣጥን ይሸጣል። ስዕሉም ያው ነው። እሱ ጥልፍ አይደለም። በቴሌግራም ስታዙ «መርፌና ክር አለው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ዋጋ

ቁጥር አልጽፍም፤ እስክታነቡት ይቀየራል። አካሄዱ ግን እንዲህ ነው። ዳንቴል ለመጀመር ርካሽ ነው፣ እየቆየ ግን ይበላል፤ ክር ያያችሁ ቁጥር መግዛት ያምራችኋል። ክሮስ ስቲች መጀመሪያ ላይ ከበድ ይላል፣ ግን አንዱ ዕቃ ለወራት ያቆያችኋል። ሌላ ወጪ ደግሞ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥራ መስታወትና ፍሬም ይፈልጋል፤ ፍሬሙ ከዕቃው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ትልቅ ሥዕል ከመጀመራችሁ በፊት አካባቢያችሁ ያለ ፍሬም ቤት ገብታችሁ በሥዕሉ ስፋት ልክ የፍሬሙን ዋጋ ጠይቁ።

አቧራና ውሃ

ዳር ከተማ ላይ መንገዱ ገና እየተሠራ ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነጭ አይዳ ወራት ሙሉ እጅ ላይ ሲገላበጥ ይጠቁራል። ከሥራ በኋላ ሁሌም በንጹህ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት፤ ጨርቁን ወጥሮ የሚይዘውን ክብ መወጠሪያም አውጡ፣ ክብ ምልክት እንዳይተው። ሲያልቅ ለብ ባለ ውሃ እጠቡት። ከዚያ በፊት ቀዩን ክር በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ሞክሩት። ርካሽ ዕቃ ከሆነ ቀይ ይለቃል፤ የወራት ድካም ሮዝ ይሆንባችኋል። የምትተኩሱት ከጀርባው፣ ፎጣ ላይ አድርጋችሁ ነው።

ዳንቴል መታጠብ አይፈራም፤ ግን የሶፋና የቴሌቪዥን ዳንቴል አቧራ ሰብሳቢ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ይታጠባል። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ቤት ይህም ይታሰብ። ቀጥ እንዲል በስኳር ውሃ የሚነክሩት አሉ። ይሠራል፣ ጉንዳንም ይጠራል። ስታርች ይሻላል።

ለመሸጥ ካሰባችሁ

ያኔ ዳንቴል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ አየርላንድ ውስጥ ረሃብ በገባ ጊዜ ብዙ ቤተሰቦች ገቢ ካገኙባቸው መንገዶች አንዱ በኪሮሽ የተሠራ ዳንቴል ነበር። ዛሬም የሕፃን ጫማና ኮፍያ ለአራስ ጥየቃ ይፈለጋል፤ በጥቂት ቀን ያልቃል። ከጃፓን የመጣው አሚጉሩሚ የሚሉት የአሻንጉሊት ሥራም ገዢ አለው። ለትንሽ ልጅ ከሆነ ግን የፕላስቲክ ዓይን አትግጠሙ፣ ነቅሎ ይውጠዋል። በክር ጥለፉት። ክሮስ ስቲችን በሰዓት አስልታችሁ ዋጋ ብትጠሩ ገዢው ይስቅባችኋል። ያንን ለራሳችሁ ግድግዳ ወይም ለምትወዱት ሰው ሥሩት።

ለሌላ ሰው ስጦታ ስትገዙ

ለተማሪ ልጅ ወይም ሥራ ለሚመላለስ ሰው 4 ሚሊሜትር ኪሮሽና ሁለት ጥቅል ፈዘዝ ያለ ክር ስጡ። ጡረታ ለወጡ አክስት ወይም አባት (ወንዶችም ይጠልፋሉ፣ ምን ችግር አለው) ትንሽ የታተመ ባለ 11 አይዳ ይሻላል። እጃቸውን የሚያማቸው ከሆነ ኪሮሽ አንጓን ያደክማል፤ አንገትና ዓይን የሚያስቸግራቸው ከሆነ ደግሞ ክሮስ ስቲች አይመከርም። ቤታቸው ብርሃን የማይገባው ከሆነ ከክሮስ ስቲቹ ጋር ቻርጅ የሚደረግ የጠረጴዛ መብራት ጨምሩበት። አለበለዚያ ስጦታው ሣጥኑ ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል።