ራይዘን 7 5800ኤክስ ወይስ 5800ኤክስ3ዲ?

ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ያወጣው 5800ኤክስ እና በኤፕሪል 2022 ያስከተለው 5800ኤክስ3ዲ የተባሉት ፕሮሰሰሮች (የኮምፒውተር ዋና አስሊ ቺፖች) ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ፤ ሁለቱም በዜን 3 ንድፍ የተሠሩ፣ 8 ኮር (የስሌት ክፍል) እና 16 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚከናወኑ የሥራ መስመሮች) ያላቸው፣ በኤኤም4 ማዘርቦርድ ላይ የሚገጠሙና ዲዲአር4 ራም የሚጠቀሙ ናቸው። የሰዓት ፍጥነትን ብቻ ለሚመለከት ሰው እንዲያውም አዲሱ ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስላል፤ የቀድሞው እስከ 4.7 ጊጋኸርዝ ሲደርስ፣ አዲሱ በ4.5 ይገታል።

ዋናው ልዩነት ያለው በሦስተኛው ደረጃ ካሽ፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ፈጣን የዳታ ማቆያ ላይ ነው። 5800ኤክስ 32 ሜጋባይት ሲኖረው፣ በ5800ኤክስ3ዲ ላይ ግን ተጨማሪ 64 ሜጋባይት ከቺፑ በላይ ተደርቦ ጠቅላላውን 96 አድርሶታል። ፕሮሰሰሩ ዳታ ከራም እስኪመጣለት ሥራ ፈትቶ የሚጠብቅበት ጊዜ ስለሚያጥር፣ ብዙ ነገሮችን በየቅጽበቱ የሚያሰሉ ጌሞች፣ በተለይም የበረራ ማስመሰያዎች፣ በግልጽ ይፈጥናሉ፤ የፍሬም መቆራረጡም ይቀንሳል። ይህ ብልጫ ግን ጌሙ በ4ኬ ሲከፈትና ሸክሙ ወደ ግራፊክስ ካርዱ ሲዞር በእጅጉ ይደበዝዛል፤ አንዳንድ የንጽጽር ሰንጠረዦች ይህን ሳይጠቅሱ ማለፋቸው ያስተዛዝባል።

በቪዲዮ ኢንኮዲንግና በሬንደሪንግ 5800ኤክስ በጥቂቱ ይቀድማል። የ5800ኤክስ3ዲ የፍጥነት ማባዣ የተቆለፈ በመሆኑ፣ ኦቨርክሎክ ማድረግ (ፍጥነቱን ከተመደበለት በላይ ከፍ ማድረግ) ለሚወድም የሚስማማው የቀድሞው ነው። ሁለቱም በሙቀት ልቀት 105 ዋት ተብለው የተመደቡና ያለ ማቀዝቀዣ ለገበያ የቀረቡ ስለሆኑ፣ ጠንካራ ማቀዝቀዣ ለብቻው መግዛት ግድ ይላል።

በእኔ ግምት፣ የቆየ ኤኤም4 ማዘርቦርድ ላለውና ኮምፒውተሩን በዋናነት ለጌም ለሚጠቀም ሰው 5800ኤክስ3ዲ የተሻለ ምርጫ ነው፤ ከመግጠሙ በፊት ግን የማዘርቦርዱን ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳውን ሶፍትዌር) ማደስ ይኖርበታል።