ሶፋ ሰሪዎች፣ «አዲስ» በሚሉት የስቴፕል ሽጉጥ እንዳትሸወዱ

ሽጉጥ ስል የሚገድለውን አይደለም፤ ከኮምፕረሰር ጋር ገጥመን ጨርቁን እንጨት ላይ የምንመታበትን ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ከፈጣን መንገዱ መግቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ ሁለት ልጆች ይዤ ሶፋ እሠራለሁ። የድሮው ሽጉጤ አየር ማፍሰስ ሲያበዛ መርካቶ ወርጄ አዲስ ገዛሁ፤ 5,800 ብር። ካርቶኑ ንጹህ፣ ላስቲኩ እንዳለ። ሻጩም «ወንድሜ፣ ገና አሁን ነው የምከፍተው፤ ደረሰኝ ካልፈለግህ ደግሞ ቫቱ ይቀርልሃል» አለኝ። 15 በመቶ ማለት 870 ብር ነው፣ እሺ አልኩ። የተበላሁት እዚችው ላይ ነው።

ወርክሾፕ ወስጄ ገጠምኩት። አምስት ስድስት ጊዜ ደህና መታ። ቀጥሎ ባዶውን ጮኸ። ሳየው ስቴፕሉ አፉ ላይ ታጥፎ ተቀርቅሯል። በፒንሳ ነቅዬ ቀጠልኩ፣ አራት መታና ደግሞ ተቀረቀረ። ከሰዓት ሙሉ ስነቅል ዋልኩ፤ ለቅዳሜ ቃል የገባሁት ሶፋ እንደተገተረ ቀረ።

ለሻጩ ደወልኩ። «ስቴፕልህ ነው» አለኝ። በማግስቱ «ኮምፕረሰርህ ነው»፣ በሦስተኛው ቀን «ዘይት አላጠጣኸውም»። እውነት ለመናገር ሦስቱም ሽጉጥ ያስቀረቅራሉ፣ ስለዚህ አንድ በአንድ አየኋቸው። ሽጉጡ የሚበላው 80 ቁጥር የሚባለውን ስቴፕል ነው፣ ወርዱ 12.8 ሚሊ ሜትር ግድም። 10 ጄ የሚባለው ደግሞ 11.2 ነው፤ በዓይን ይመሳሰላሉ፣ ተሳስቶ የገባ እንደሆነ ግን ሐዲዱ ላይ ቀጥ ብሎ አይንሸራተትም። በካሊፐር ለካሁት፣ የኔ ትክክለኛው ነው። ግፊቱን አየሁ፤ እንዲህ ያሉ ሽጉጦች ከ60 እስከ 100 ፒኤስአይ ይፈልጋሉ፣ ጌጁ 90 ላይ ቆሟል። እዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆንን አየሩ ጅቡቲ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ኮምፕረሰራችን ታንከሩን ለመሙላት ብዙ የሚያቃስተው ለዚህ ነው። ሁለት ሽጉጥ በአንድ ታንከር የምትሠሩ ግፊቱ መሀል ላይ ወርዶ ግማሽ ምት ይመታባችኋል። እኔ ግን በአንድ ሽጉጥ ነው የምሠራው። የታንከሩን ውሃ አፈሰስኩ፣ በአየር መግቢያው ሁለት ሦስት ጠብታ ቀጭን ዘይት ጨመርኩ። ምንም ለውጥ የለም።

ከዚያ በኋላ ፈታሁት። (አየሩን ሳትነቅሉ አፉን እንዳትነኩ! አንደኛው ልጅ ቱቦው እንደተሰካ ጣቱን ሊከት ሲል በጩኸት ነው ያስጣልኩት።) የአፉን ሁለት ቡሎን በብሩጎላ ስፈታ ቀለማቸው ቀድሞ የተላጠ ነው። ስቴፕሉን የሚመታው ምላስ ጫፉ እንደ መሮ ጠርዙ ስል፣ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ መሆን አለበት። የኔው በአንድ በኩል ተበልቶ ክብ ሆኗል። እንዲህ ሲሆን የስቴፕሉን ጀርባ እኩል አይመታም፤ አንዱ እግር ቀድሞ ይገባል፣ ሌላው ይታጠፋል፣ ከኋላ ያለው ስቴፕል በሞላው (በስፕሪንጉ) ተገፍቶ ሥሩ ይገባና ሁሉም እዚያው ይቆለፋል። ግማሽ ቀን የመታ ሽጉጥ ምላሱ እንዲህ አይበላም።

ይህም ይሁን፣ «የፋብሪካ ስህተት ነው» ብዬ አልፈው ነበር። ግን የአፉን ውስጥ በመርፌ ስጭረው ከደረቀ ማስቲሽ ጋር የተላቆጠ ብናኝ ወጣ። ቀይ ከፈይ። በዚህ ሽጉጥ የመታሁት ግራጫ ጨርቅ ብቻ ነው፤ ቀይ ከፈይ ቤቴ ከገባ ዓመት አልፎታል። ሌላ ሰው ሠርቶበት፣ እንደኔው ተቃጥሎ መልሶት፣ ካርቶን ተለውጦለት ነው ለኔ የመጣው።

ይዤው ሄድኩ። ሻጩ ብናኙን በጣቱ ነካ አድርጎ «ደረሰኝህን አምጣ» አለኝ። ያው ሰውዬ! የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሻጭን ለተደበቀ ጉድለት ተጠያቂ ያደርጋል፣ ገዢም ጉድለቱን እንዳገኘ ቶሎ እንዲያስታውቅ ይፈልጋል። ግን ከዚያ ሱቅ ለመግዛቴ ምን ማስረጃ አለኝ? 870 ብር አተርፋለሁ ብዬ 5,800ው ላይ ተጫወትኩ።

እናንተ ስትገዙ አፉን በስልክ መብራት እዩት፣ ጭረት ወይም ቆሻሻ ካለ ተዉት። የቡሎኖቹን ቀለም፣ የአየር መግቢያውን ጥርስ እዩ፤ ነጭ ቴፕ ቅሪት ካለበት ቀድሞ ተገጥሟል። የራሳችሁን ስቴፕል ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ጣውላ ላይ አንድ ስትሪፕ ሙሉ አስመቱት። ሦስት ምት አይበቃም፣ የኔም ስድስቱን ደህና መትቶ ነበር። ኮምፕረሰር የለንም ካሉ ኮምፕረሰር ያለው ሱቅ አይጠፋም። ደረሰኙ ላይ የሽጉጡ መለያ ቁጥር ይጻፍ።

ምላሱን በሞረድ ቀጥ አድርጌዋለሁ። መቀርቀሩ ቀንሷል፣ ነገር ግን ምላሱ ስላጠረ ስቴፕሉ ሙሉ በሙሉ አይጠልቅም፤ የሶፋ ሥር ጥቁሩን ጨርቅ ብቻ እመታበታለሁ። ቀይ ከፈይ የለበሰ ሶፋ የሠራኸው ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ ጻፍልኝ፤ ላንተስ ስንት መለሱልህ?