አንኪ ለእንግሊዝኛ ግሶች፦ ማፍጠጥና መገላመጥ በአንድ ካርድ አይማሩም

እንግሊዝኛ ለዓመታት የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ በ"ሉክ" እና በ"ዎክ" ታስሮ ይቀራል። ያፈጠጠውም፣ በጨረፍታ ያየውም፣ አጮልቆ ያየውም "ሉክድ" ይሆናል። ያነከሰውም የተንገዳገደውም "ዎክድ" ነው። አማርኛ ተናጋሪ እነዚህን ልዩነቶች በልጅነቱ ስላወቃቸው ሐሳቡ አልጎደለውም። የጎደለው የእንግሊዝኛው ግስ በሚፈለግበት ሰዓት አፉ ላይ አለመምጣቱ ነው። ለዚህ ችግር አንኪ የተባለውን የካርድ መለማመጃ ከልብ እንመክራለን፤ ግን ካርዱን ራሱ ተማሪው ከጻፈው ብቻ።

አንኪ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ፕሮግራም ነው። የኮምፒውተሩ ነጻ ነው፣ ለአንድሮይድ የተሠራው አንኪድሮይድም ነጻ ነው፣ ለአይፎን የተሠራው አንኪሞባይል ግን ይከፈልበታል። በስሙ የሚነግዱ ተመሳሳይ አፖች ስላሉ ከመጫናችሁ በፊት ስሙን በደንብ አንብቡ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጥያቄውን ታያላችሁ፣ መልሱን በልባችሁ ትላላችሁ፣ ከዚያ ገልጣችሁ ምን ያህል እንዳስታወሳችሁት ከሚገልጹት አራት ቁልፎች አንዱን ትነካላችሁ። አዲስ ካርድ ካላወቃችሁት በ1 ደቂቃ፣ ካወቃችሁት በ10 ደቂቃ፣ ከዚያ በማግስቱ ይመለሳል። ባስታወሳችሁት ቁጥር ርቀቱ ወደ ቀናት፣ ወደ ሳምንታት፣ ወደ ወራት ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ኤፍኤስአርኤስ የተባለ አዲስ የቀጠሮ ስሌት ተጨምሮለታል። ከካርድ ጥቅሉ አቀናባሪ ገብታችሁ ብታበሩት ጥሩ ነው፤ የእናንተን የመርሳት ልማድ እያየ ቀጠሮውን ያስተካክላል።

ዋናው ሥራ ካርዱ ላይ ነው። ከአንኪ ድረ ገጽ የሚወርዱት የተዘጋጁ ጥቅሎች ብዙዎቹ በአንድ ወገን ቃል፣ በሌላው ወገን ትርጉም ብቻ የያዙ ናቸው። ለ"ቴብል" ይህ ይበቃል፣ ለግስ ግን አይበቃም። "ሲፕ" በሚለው ጀርባ "ጠጣ" ተብሎ ከተጻፈ፣ ስትናገሩ "ጠጣ" ብላችሁ ስታስቡ የሚመጣላችሁ ያው "ድሪንክ" ነው። "ፉት አለ" ብላችሁ ጻፉት። "አለ" እና "አደረገ" የሚከተሏቸው የአማርኛ ግሶች ድርጊቱ እንዴት እንደተፈጸመ ስለሚናገሩ፣ ለእንግሊዝኛዎቹ ገላጭ ግሶች የቅርብ ዘመድ ናቸው። "አልጎመጎመ" ለ"ማተር"፣ "ጨለጠ" ለ"ጋልፕ" እንዲሁ ልክ ይገባሉ።

አንድ ካርድ አብረን እንሥራ። ግሱ "ግሌር" ነው፤ በቁጣ ማፍጠጥ። የካርዱን ዓይነት "ክሎዝ" (ባዶ ቦታ የሚሞላበት) አድርጉና ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ "ሺ ግሌርድ አት ሂም አክሮስ ዘ ቴብል"። ከዚያ "ግሌርድ አት" የሚለውን መርጣችሁ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ሲን አንድ ላይ ስትጫኑ ቃሉ በቅንፍ ውስጥ ይገባል፤ ስትለማመዱም ይደበቃል። እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ይሳሳታል። ባዶ ቦታው "ሉክድ"ንም "ስቴርድ"ንም "ግላንስድ"ንም ይቀበላል፤ እናንተ ትክክል እያላችሁ ካርዱ ስህተት ይላችኋል። መፍትሔው ፍንጭ ነው። በቅንፉ ውስጥ ከተደበቀው ቃል ቀጥሎ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ (::) አስገቡና "በቁጣ" ብላችሁ ጨምሩ፤ በባዶው ቦታ ላይ የሚታየው ይኸው ቃል ይሆናል።

"አት" አብሮ የተደበቀው ሆን ተብሎ ነው። በአማርኛ "ገላመጠው" ስንል ግሱ ተጠቃሹን በቀጥታ ይይዛል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው "አት"ን ይዘልና "ሺ ግሌርድ ሂም" ይላል። "አፈጠጠበት" ውስጥ ያለውን "በ" ያስተዋለ ሰው "አት" ለምን እንደሚያስፈልግ ቶሎ ይገባዋል። ግሱንና መስተዋድዱን ለየብቻ መማር ሁለት ጊዜ መድከም ነው።

በካርዱ ላይ እንግሊዝኛው የግድ በላቲን ፊደል ይጻፍ። በፊደላችን "ስሊፕ" ብላችሁ ብትጽፉ መተኛት ይሁን ማዳለጥ አይለይም፣ "ሊፕ"ም ከንፈርና መዝለል ይሆናል። የእንግሊዝኛውን አጭርና ረጅም "ኢ" ፊደላችን ስለማይለያቸው ድምፅ ጨምሩበት፤ ፕሮግራሙ ጽሑፉን በመሣሪያው ድምፅ እንዲያነብ ማድረግ ይቻላል። ድምፁ በመልሱ ወገን ብቻ ይሁን፣ በጥያቄው ወገን ከሆነ መልሱን ይነግራችኋል።

ትልቁ ጥፋት የሚመጣው ከጉጉት ነው። ስለ ማየት የሚናገሩትን ስድስት ግሶች ዝርዝር አግኝቶ ሁሉንም በአንድ ቀን ማስገባት ያጓጓል፤ ውጤቱ ግን "ጌዝ" ይሁን "ስቴር" ሁሌ መደናገር ነው። ተቀራራቢ ትርጉም ያላቸው ቃላት አንድ ላይ ሲገቡ አንዱ የሌላውን ትዝታ ይሻማል። ዛሬ "ግሌር"ን ከ"ሊምፕ" (ማነከስ) እና ከ"ዊስፐር" (ማንሾካሾክ) ጋር አስገቡ፣ "ስቴር" የመጀመሪያው ሲጸና፣ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ይግባ።

ፕሮግራሙ ካልነካችሁት በቀን 20 አዲስ ካርድ ይሰጣል። ለግስ ይህ በጣም ብዙ ነው። የዕለቱ ክለሳ በተለምዶ የአዲሱን ካርድ ቁጥር ከ7 እስከ 10 እጥፍ ስለሚሆን፣ ጥቂት ሳምንት ሳይሞላ ከ140 እስከ 200 ካርድ ይጠብቃችኋል፤ ሰው አንኪን የሚተወውም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። 5 አዲስ ካርድ ይበቃል። ሌላው ወጥመድ "ሃርድ" የተባለው ቁልፍ ነው። ትርጉሙ "አስታወስኩት፣ ግን በጭንቅ" ማለት እንጂ "ረሳሁት" ማለት አይደለም። የረሱትን በ"ሃርድ" ማለፍ ስሌቱን ያሳስተዋል። የረሳችሁትን "አጌይን" በሉ።

ደጋግማችሁ የምትረሱት ካርድ፣ ቁጥሩን ካልቀየራችሁት 8 ጊዜ ሲወድቅ፣ "ሊች" የሚል ምልክት ይደረግበታል፤ አልቅት ማለት ነው፣ ጊዜያችሁን ስለሚመጥ። ያን ካርድ ዘጠነኛ ጊዜ ከመታገል አጥፍታችሁ በሌላ ዓረፍተ ነገር እንደገና ጻፉት።

አንኪ መናገር አያስተምርም፣ ስህተታችሁንም አያርምም፤ የጻፋችሁት ዓረፍተ ነገር ጠማማ ከሆነ ጠማማውን ያጸናላችኋል። ስለዚህ ምሳሌውን ከራሳችሁ ከመፍጠር ለተማሪዎች ከተዘጋጀ መዝገበ ቃላት ውሰዱት። በስልክና በኮምፒውተር የምትጠቀሙ ከሆነም ከመጀመራችሁ በፊትና ከጨረሳችሁ በኋላ የሁለቱን ካርዶች አመሳስሉ። ሁለቱ ሲለያዩ ፕሮግራሙ የትኛው ይቆይ ብሎ ሊጠይቃችሁ ይችላል፤ ተሳስታችሁ የመረጣችሁ እንደሆነ የሳምንት ካርድ ይጠፋል።