አሮጌ ሞተር ላላችሁ የሐዋሳ ሰዎች፦ ማርሚታ የሚሠሩ አንድ ጋሼ ልጠቁማችሁ

ሐዋሳ ያላችሁ ባለ ሞተሮች፣ በተለይ መለዋወጫ የማይገኝላት አሮጌ ሞተር የምትነዱ፣ ይህ ጽሁፍ ለእናንተ ነው። እኚህን ሰው በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ነውር ነው። ሙያቸው ብየዳ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የብረት በር፣ መስኮትና አልጋ ይሠራሉ። ለእኔ ደግሞ ከጥሬ ቱቦ ተነስተው የሞተሬን ማርሚታ፣ ማለትም የጭስ ቱቦ፣ አጥፈው፣ በይደው፣ ገጥመው ሰጡኝ። ስማቸውን አልጽፍም። "ፌስቡክ ላይ እንዳታወጣኝ" ብለውኛል። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ስለሚላቸው እኔም በዚያው ልቀጥል።

ሞተሯ ሆንዳ ኤክስ ኤል 125 ናት። ከመሥሪያ ቤት ጨረታ ነው የገዛኋት። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ ገጠር ቀበሌ የምወጣው በእሷ ነው። ከቴስታታው፣ ማለትም ከሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ወጥቶ ወደ ታች የሚታጠፈው ቱቦ ዝገት በልቶት ነበር። ላሜራ ተለጠፈበት። ላሜራው ላይ ሌላ ላሜራ ተለጠፈበት። በመጨረሻ ብየዳ የሚይዝ ጤነኛ ብረት ጠፋ። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ስቀንስ ትተኩሳለች። በስንጥቁ አየር ይገባል፣ ቱቦው ውስጥ ያልተቃጠለ ነዳጅ ያገኛል፣ እዚያው ይቀጣጠላል። ድምጿን የሰማ በሬ ገመድ በጥሶ ይሄዳል። ሊታከም የመጣ በሬ ሮጦ ሲጠፋ ባለቤቱ እኔን የሚያየኝ አስተያየት ይታያችሁ።

ኦርጅናሉን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ አስጠየቅሁ። የለም። ቦክሰር ለሚባለው ሞተር የሚሆን ሞልቷል፤ ለእሷ ግን አይገጥምም። እዚሁ ከተማ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፤ ስሙን አልጠራም። የውሃ ቱቦ በሚያጥፉበት ባለ ጃክ ማጠፊያ ሞከሩት። ያ መሣሪያ የተሠራው ግድግዳው ወፍራም ለሆነ ቱቦ ነው። ስስ ቱቦ ሲታጠፍ የውጭው ጎን ይለጠጣል፣ የውስጡ ይጨማደዳል፣ መሃሉን ደግፎ የሚይዝ ነገር ስለሌለ ጥፉ ላይ ጠፍጣፋ ይሆናል። እዚያ ቦታ ላይ ጭሱ ይታፈናል። እንደዚያ የተጠፈጠፈ ቱቦ "ይሠራል፣ ምንም አይልም" ብለው ሰጡኝ። ገንዘቡን ግን አልመለሱም።

ጋሼ ጋ ስሄድ መዶሻና እሳት ነበር የጠበቅሁት። እሳቸው መጀመሪያ ያነሱት ባለ 6 ሚሊ ሜትር ፌሮ ነው። ከቴስታታው ቀዳዳ ጀምረው፣ ፌሮውን በእጃቸው እያጠፉ፣ ቱቦው የሚሄድበትን መንገድ አወጡ። የፍሬን መርገጫውን እንዳይነካ፣ ከኤሌክትሪክ ገመዶቹ እንዲርቅ፣ እግሬን እንዳያቃጥል። "ዶክተር፣ ቁጭ በልባት እስቲ" አሉኝ። ተቀመጥኩ። መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አስጠመዘዙኝ፣ ፍሬን አስረገጡኝ። ፌሮው የቱቦውን መሃል ብቻ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ በየቦታው ጣታቸውን እያስገቡ ለቱቦው ውፍረት የሚበቃ ክፍተት መኖሩን አዩ። ከዚያ የአሮጌውን ቱቦ ርዝመት በሲባጎ ለኩና ከፌሮው ጋር አስተያዩት።

ርዝመቱ ላይ ለምን እንደዚያ እንደተጨነቁ ጠየቅኋቸው። ባለ አራት ምት ሞተር ጭሱን የሚገፋው በምት በምት ነው። የቱቦው ርዝመትና ስፋት የዚያን ግፊት አካሄድ ይለውጠዋል። ቱቦው ከልክ በላይ ከሰፋ ጭሱ ፍጥነት ያጣል፣ ዳገት ላይ በዝቅተኛ ዙር የምንፈልገው ጉልበት ይቀንሳል። ማርሚታ በሰፋ ቁጥር ሞተር ይበረታል የሚለውን የሰፈር ወሬ ሳነሳባቸው ስቀው አለፉኝ።

ቱቦውን የገዛነው አብረን ነው። ባለ 32 ሚሊ ሜትር ጥቁር ቱቦ፣ ግድግዳው 1.5 ሚሊ ሜትር። ወንበር የሚሠራበት ዓይነት ነው። ሻጩ ዝገት የማይነካው ነው ብሎ ነጩን ጋልቫናይዝድ ሊሰጠን ነበር። ጋሼ እጃቸውንም አልዘረጉም። ጋልቫናይዝድ ቱቦ እሳት ሲነካው የለበሰው ዚንክ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ያን የሳበ ሰው ማታ ላይ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል። እኔ ከሰው መድኃኒት ይልቅ የከብቱን ባውቅም ይህን ጉዳይ ደግፌ መሰከርኩ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ወደ አሸዋው።

ስስ ቱቦ ሳይጠፈጠፍ እንዲታጠፍ ውስጡ መሞላት አለበት። ፋብሪካ ውስጥ ለዚህ የተሠራ ማሽን አለ። ጋሼ ያላቸው አሸዋ ነው። በወንፊት ነፉት። ከዚያ ላሜራ ላይ አድርገው ቡና እንደሚቆላ ሰው እያገላበጡ አደረቁት። ማድረቁ ላይ ቀልድ አያውቁም። አሸዋው እርጥበት ካለው ቱቦው ሲግል እርጥበቱ እንፋሎት ይሆናል። ሁለቱም ጫፍ ተዘግቷል። መውጫ ያጣ እንፋሎት ውታፉን እንደ ጥይት ይተኩሰዋል። አጠገባቸው የነበረውን ልጅ ከቱቦው ጫፍ ትይዩ እንዳይቆም ሲያባርሩት ነበር።

አንዱን ጫፍ በእንጨት ውታፍ ዘጉ፣ ቱቦውን አቆሙ፣ አሸዋውን አንቆረቆሩ፣ ከውጭ በመዶሻ መታ መታ አደረጉ። አሸዋው ዝቅ አለ። ጨመሩ፣ መቱ። ዝቅ አለ። መጀመሪያ ላይ ቱቦው ሲመታ ይጮህ ነበር። ቆይቶ ድምፁ ደነቆረ። ያን ጊዜ ጆሯቸውን አስጠግተው ከታች እስከ ላይ አንዴ መቱትና ሁለተኛውን ውታፍ አስገቡ። ክፍት ቦታ የቀረበት ቱቦ በድምፁ ይታወቃል።

ቱቦው ላይ በጠመኔ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ። ጥፎቹ ሁለት ናቸው፣ አቅጣጫቸውም ይለያያል። መስመሩ ከሌለ ሁለተኛው ጥፍ ወዴት እንደሚዞር ይጠፋል። የቱቦውን የፋብሪካ ብየዳ መስመር ደግሞ ወደ ጎን አደረጉት። ጎኑ ብዙም አይለጠጥም፣ ብዙም አይጨማደድም። መስመሩ ውጭ ቢውል ሊሰነጠቅ ይችላል።

እሳቱ ከበርሜል የተቆረጠ ምድጃ ላይ ከሰል ነው፣ በንፋስ መስጫ። ማጠፍ ከመጀመራቸው በፊት ከላይ ሸራ ጎተቱ። ዝናብ የፈሩ መስሎኝ ነበር። ለካ ለብርሃኑ ነው። ፀሐይ ላይ የጋለ ብረት ቀለሙ አይታይም፤ ገና ነው ስትል አልፎ ይሄዳል። ጥላው ውስጥ ቱቦው ቀልቶ ወደ ብርቱካናማ ሲጠጋ አወጡት። አንዱን ጫፍ በሞርሳ አሰሩ፣ ሌላውን ጫፍ ረጅም ቱቦ አለበሱና እንደ ማንሻ ተጠቅመው በቅርጽ መስጫው ዙሪያ ቀስ አድርገው ሳቡ። በአንድ ትንፋሽ አይደለም። ትንሽ ስበው ያቆማሉ፣ ያያሉ፣ መልሰው እሳት ውስጥ ይከታሉ። ቶሎ እየታጠፈ ያለው ቦታ ላይ በቆርቆሮ ትንሽ ውኃ ጠብ ያደርጋሉ። የቀዘቀዘው ቦታ ይጠነክራል፣ ጥፉ ወደ ጋለው ይሄዳል። በዚህ ዓይነት እሳትና ውኃ ብረቱን የትም ያስኬዱታል። አንድ ቦታ ላይ የውስጠኛው ጎን ሊጨማደድ ሲል አግለው በመዶሻ አስተኙት። በየመሃሉ ፌሮው ይመጣል፣ ይለካል።

ጥፉን ጠበብ አድርገው እንዲሠሩት ጠይቄ ነበር፤ ያምራል ብዬ። እሺ አላሉኝም። የጥፉ ሬዲየስ የቱቦውን ውፍረት (የግድግዳውን ሳይሆን የ32 ሚሊ ሜትሩን) 3 እጥፍ ያህል ካልሆነ የውጭው ግድግዳ በጣም ይሳሳል አሉኝ። ስስ የሆነው ቦታ ነው ቀድሞ በዝገት የሚበሳው።

አሸዋውን ማውጣትም የራሱ ሥራ ነው። በሙቀቱ ግድግዳው ላይ የተጣበቀ አለ። በእንጨት መዶሻ ቀጠቀጡት፣ ሽቦ ላይ የታሰረ ጨርቅ አመላለሱበት፣ በኮምፕሬሰር ነፉት። የተረፈ አሸዋ ወደ ቫልቩ እንዳይጠጋ ነው። ቴስታታው ላይ የሚቀመጠውን አንገት ቶርኖ ቤት አሠሩት፣ አዲስ የመዳብ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) አስገቡ። ቱቦውን ሞተሯ ላይ አስቀምጠው ነጥብ ነጥብ አድርገው ከመበየዳቸው በፊት ደግሞ የነዳጅ ታንኩን ፈትተው ከግቢው ውጭ አስቀመጡ፣ የባትሪውን ገመድ ነቀሉ። ይህን የማያደርግ በያጅ ጋ ሞተራችሁን ይዛችሁ አትግቡ። ሙሉ ብየዳው የተሠራው ቱቦው ከሞተሯ ወርዶ ነው።

የድምፅ ማፈኛውን ሳጥን አልቀየሩትም፤ ከፍተው ጠርገው መለሱት። አንድ ወጣት መጥቶ የእሱን ባዶ እንዲያደርጉለት ሲለምናቸው "ሆስፒታል ላለ በሽተኛ ምን ልትለው ነው?" ብለው መለሱት። በዚህ እኔ ከእሳቸው ጋር ነኝ። ሌሊት ሌሊት ሰፈር የሚቀሰቅሱትን ልጆች ታውቋቸዋላችሁ።

አሁን ሞተሯ አትተኩስም። ወደ ሀገረ ሰላም ያለውን ዳገት ስትወጣ እንደ ድሮዋ ናት። በሬዎቹም ቆመው ይጠብቁኛል።

የማይሠሩትንም ልንገራችሁ። ጓደኛዬ ያማሃ ዲቲ አለው፣ ባለ ሁለት ምት። እሱንም ወሰድኩት። የዚያ ማርሚታ መሃሉ የሚያብጠው ለጌጥ አይደለም። ቅርጹ የግፊት ሞገድ ወደ ሲሊንደሩ ይመልሳል፤ ሊያመልጥ የነበረውን ያልተቃጠለ ነዳጅ መልሶ ያስገባል። ልኩ ከተሳተ ሞተሩ ከበፊቱ ይደክማል። ጋሼ አዩትና "ይሄ ማጠፍ አይደለም፣ ላሜራ በሾጣጣ ቆርጦ መግጠም ነው። ትክክለኛ ልኩን ካመጣህልኝ እሠራለሁ፤ በግምት ግን አልነካውም" አሉት። ያለ ሥራ መለሱት፤ ሳንቲም አልጠየቁትም። እኔን ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ይበልጡን ይሄ ነው።

ጉድለታቸው? ቀርፋፋ ናቸው። ነገ ያሉት ነገ አይደርስም። ስልክ አያነሱም። ኒኬል የመሰለ አንጸባራቂ ነገር የምትፈልጉ ቅር ይላችኋል፤ ሙቀት የሚችል ጥቁር ቀለም ቀብተው ነው የሚሰጡት፣ እሱም ሲለቅ መደገም አለበት። ዋጋውን በቁጥር አልጽፍም፤ የብረት ዋጋ ዛሬና ነገ አንድ አይደለም። የዕቃውንና የእጃቸውን ለየብቻ ጽፈው ስለሚያሳዩ ግን መከራከር አያስፈልግም።

መሄድ የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ መንገዱን እጠቁማለሁ። ሞተራችሁን አጥባችሁ ሂዱ። አሮጌውን ቱቦ፣ ቢሰባበርም፣ ሰብስባችሁ ያዙ፤ ልክ የሚወስዱት ከእሱ ነው። ቅዳሜ አትሂዱ፤ የበርና መስኮት ደንበኞቻቸው ግቢውን ይሞሉታል።