የባለቤቴን የዘር ሐረግ ላገኙልን እናት ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ልጄ ባለፈው ዓመት አዳማ ላሉት አባቴ ደውላ ሰባት ቤት አስቆጠረቻቸው። አባባ ሳያቋርጡ ጠሩላት፣ እሷም ጻፈች። ከዛ ወደ አባቷ ዞራ «ያንተስ?» አለችው። ባለቤቴ ከአያቱ አላለፈም። በአባቱ ወገን ሜኖናይት፣ በእናቱ ወገን ብሬዝረን (ሁለቱም የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ስም ነው) ናቸው፤ ሁለቱም በአሜሪካ የፔንስልቬንያ ግዛት፣ የላንካስተር አካባቢ ገበሬዎች። የሚያውቀው ይህንን ብቻ ነበር።

ኢንተርኔት ላይ ገንዘብ ከፍለን አንድ የተዘጋጀ የዘር ሐረግ ገዛን። የመጡበት መርከብ ሳይቀር ተጽፏል። ቁጭ ብለን ዓመተ ምሕረቱን ስናስተያይ ግን አንዱ ቅድመ አያት ከሞቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ልጅ ወልደዋል ይላል። በጣም አዘንኩ፣ ለልጄ አንብቤላት ነበራ።

ያኔ የባለቤቴ አክስት እኚህን እናት ጠቆመችን። ጡረታ የወጡ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናቸው። መጀመሪያ የጠየቁን «የጥምቀት መዝገብ ስትፈልጉ ከረማችሁ አይደል?» ብለው ነው። አዎ፣ እሱን ስንፈልግ ነው የከረምነው። እነዚህ ሰዎች ግን ሕፃን አያጠምቁም። እ.ኤ.አ. በ1525 ዙሪክ ላይ ሲጀምሩ የተሰደዱበት ነገር እኮ ይኸው ነው፤ ብሬዝረኖችም በ1708 ስምንት ሆነው ጀርመን ውስጥ ሽቫርዘናው፣ ኤደር ወንዝ ላይ የተጠመቁት አዋቂዎች ሆነው ነው። ስለዚህ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልደት የሚገኝበት መዝገብ እነሱ ጋ የለም። ፔንስልቬንያ ደግሞ ልደትና ሞትን በግዛት ደረጃ መመዝገብ የጀመረችው በ1906 ነው። ከ1850 በፊት ያለው የሕዝብ ቆጠራ የሚጽፈው የአባወራውን ስም ብቻ ነው፤ ሚስትና ልጅ በቁጥር ይታለፋሉ።

ታዲያ የት ይፈለጋል? ኑዛዜ ላይ፣ የመሬት ሽያጭ ውል ላይ፣ መቃብር ድንጋይ ላይ። ከሁሉም የገረመኝ ግን የሞት ዜና ነው። ሜኖናይቶች ከ1864 ጀምሮ «ሄራልድ ኦፍ ትሩዝ»፣ ከ1908 በኋላ ደግሞ «ጎስፕል ሄራልድ» የሚባል ጋዜጣ ነበራቸው፣ እዚያ ላይ የሟቹ ዕድሜ ብዙ ጊዜ በዓመት፣ በወርና በቀን ተቆጥሮ ይወጣል። ከሞቱበት ቀን ላይ ቀንሱ፣ የልደት ቀኑ መጣ! «ሜኖቢትስ» በሚል ስም ኢንተርኔት ላይ በነፃ ተለቅሞ ተቀምጧል። እሳቸው ይህን ሲያሳዩን ልጄ ወረቀት አውጥታ የአያቷን አያት ልደት ራሷ አሰላች።

የስሙም ነገር አለ። ሙለር የነበረው ሚለር፣ ዙግ የነበረው ዙክ ሆኗል፤ በአንዱ አጻጻፍ ብቻ ከፈለጋችሁ ግማሹ ያመልጣችኋል። ያ የገዛነው ሐረግ የተበላሸውም በስም ነው፣ አንድ መንደር የኖሩ ሞክሼዎችን አንድ ሰው አድርጓቸው። እሳቸው የለዩአቸው በመሬት ውሉ ነው፣ ከሻጩ ጋር ሚስትየዋም ፈርማለች፣ የሁለቱ ሚስቶች ስም ደግሞ ይለያያል። ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። የተጠቀሙት መዝገብ አብዛኛው ፋሚሊሰርች በሚባለው የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ያለ ነው፣ ያስከፈሉን ለድካማቸው ብቻ ነው፣ እሱም ለዛ ሐረግ ከከፈልነው ያንሳል።

እኔን ያሳመነኝ ግን ሌላ ነው። በእናቱ ወገን 1740ዎቹ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ከዚህ በላይ ማስረጃ የለኝም፣ ግምት አልሸጥላችሁም» አሉን። እንዲህ ያለ ሰው ብርቅ ነው።

ይህን የምጽፈው ከሜኖናይት ወይም ከብሬዝረን ቤተሰብ ጋር የተጋባችሁ፣ ልጆቻችሁ «የአባቴስ ወገን?» የሚሏችሁ እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው። ከሜኖናይቶች ሥራ የተገኘችው የኢትዮጵያዋ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ልጆችም ብትሆኑ ይጠቅማችኋል። ናዝሬት የኃይለ ማርያም ማሞ ሆስፒታልን ይመሩ ስለነበሩት ሜኖናይቶች ማወቅ የምትፈልጉ «ጋሜኦ» የሚባለውን የሜኖናይቶች የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ እዩ፤ ስለ መሠረተ ክርስቶስም ተጽፎበታል።

የእሳቸውን ስም እዚህ አላወጣም፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት የአያትና የቅድመ አያት ስም፣ የተቀበሩበትን ቦታ፣ እቤት ያለ የቆየ መጽሐፍ ቅዱስ ካለም የመጀመሪያ ገጾቹን ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። እማማ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ልጄ ትናንት ማታ ለአባባ ደውላ የአባቷን ወገን ስድስት ቤት ቆጠረችላቸው።